ለሊኑክስ ኮምፒውተር ምን ያህል ስዋፕ እንመድብ?

ሊኑክስን በኮምፒውተሩ ላይ የሚጭን ተማሪ ገና ከጅምሩ ከሚገጥሙት ጥያቄዎች አንዱ ከዲስኩ ምን ያህሉን ለስዋፕ ይመድብ የሚለው ነው። የተለመደው መልስ «የራሙን እጥፍ» የሚል ሲሆን በዘመኑ ምክንያት ነበረው። በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው የሊኑክስ ከርነል 2.4 የመጀመሪያ እትሞች፣ ከስዋፕ ወደ ራም የተመለሰ መረጃ በስዋፕ ውስጥ የያዘውን ቦታ አይለቅም ነበር። ስለዚህ ከራሙ ያነሰ ስዋፕ ፋይዳው እምብዛም ነበር። ችግሩ ከተቃለለ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ደንቡ ግን ዛሬም ይነገራል።

ራም ሲጣበብ ከርነሉ ለጊዜው የማይፈለጉ መረጃዎችን፣ ብዙውን ጊዜ 4 ኪሎባይት በሚይዙ «ገጾች» ከፍሎ፣ ወደ ዲስክ ያዛውራል። «ለጊዜው የማይፈለጉ» የሚለውን ሐረግ አንባቢው ልብ እንዲል እንሻለን።

4 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር 20,000 በ20,000 የሆነ ማትሪክስ እናስላ እንበል። እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ስለሚይዝ ማትሪክሱ 3.2 ጊጋባይት ይፈልጋል። ሥርዓተ ክወናውና የድረ ገጽ ማሰሻው 1.5 ጊጋባይት ቢይዙ ድምሩ 4.7 ይሆናል። 2 ጊጋባይት ስዋፕ ካለ ሥራ የፈታው ማሰሻ ወደ ዲስክ ይገፋና ስሌቱ ይቀጥላል። ስዋፕ ከሌለ ግን ከርነሉ አንዱን ፕሮግራም በግድ ያቋርጣል። የሚመርጠውም ባመዛኙ ብዙ ራም የያዘውን ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ሦስት ቀን ሲሠራ የቆየው ስሌት ውጤቱን ሳያስቀምጥ ይጠፋል ማለት ነው።

ማትሪክሶቹ ሁለት ቢሆኑስ? አሁን ወደ 4 ጊጋባይት፣ ማለትም 1 ሚሊዮን ገደማ ገጾች፣ ከራሙ ይተርፋሉ፤ ስሌቱ ግን ሁሉንም ደጋግሞ ይፈልጋቸዋል። ራም በ100 ናኖሰከንድ ገደማ ሲመልስ ተሽከርካሪ ዲስክ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ልዩነቱ 100,000 እጥፍ ነው። ገጾቹ አንድ በአንድ ቢመጡ ለአንድ ዙር ብቻ 10,000 ሰከንድ፣ ወደ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ፣ ይፈጃል። ከርነሉ ተከታታይ ገጾችን ባንድነት በማምጣት ጊዜውን ያሳጥራል፤ ኤስኤስዲም እጅግ ይፈጥናል። ሆኖም 20 ጊጋባይት ስዋፕ ብንመድብ እንኳ ፍጥነቱ አይመለስም። የሚያዋጣው፣ ትክክለኛነቱ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ቁጥሮቹን በ4 ባይት መያዝ ወይም ማትሪክሱን እየከፋፈሉ ማስላት ነው።

በእኛ አስተያየት 4 ጊጋባይት ራም ላለው ኮምፒውተር ከ2 እስከ 4፣ 16 ላለው ደግሞ 4 ጊጋባይት ይበቃል። ላፕቶፑን በሃይበርኔሽን የሚያጠፋ ሰው ግን የራሙ ይዘት በሙሉ ወደ ስዋፕ ሊጻፍ ስለሚችል ቢያንስ የራሙን ያህል ይመድብ። (ባትሪ የሌለው ኮምፒውተር መብራት በድንገት ሲጠፋበት ይህ አያድነውም።)

ስዋፕ ውስጥ መረጃ መኖሩ ብቻውን አያሳስብም፤ የሚያሳስበው የማያቋርጥ ምልልስ ነው። «ቪኤምስታት 5» የሚለው ትእዛዝ በየ5 ሰከንዱ ወደ ስዋፕ የሚገባውንና የሚወጣውን ያሳያል። ቦታው ካነሰም ዲስኩን እንደገና መከፋፈል አያስፈልግም፤ ኡቡንቱ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደሚያደርገው ስዋፕን በተራ ፋይል መልክ ማዘጋጀትና ኋላ ማስፋት ይቻላል።