ደረቅ ቅጠል ኮምፒዩተርን እንዴት ያስተምራል?

በከዚራ ጥላ ሥር የሄደ ሁሉ ቀይ አበባ ያለውን «የድሬዳዋ ዛፍ» ያውቀዋል። ስሙ ከተማችንን ይጥራ እንጂ የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ነው። ስለዚህ ስም ብቻውን ዕውቀት አይሆንም፤ ምስክር ያስፈልገዋል።

ምስክሩም የደረቀ ናሙና ነው። ተክሉ ተጭኖ ይደርቃል፤ በወረቀት ላይ ይለጠፋል፤ ከግርጌው ስሙ፣ የተገኘበት ስፍራ፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ይጻፋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም እንዲህ ያሉትን ናሙናዎች ማከማቸት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው።

ዛሬ ከነዚህ ወረቀቶች ኮምፒዩተርም ይማራል። አማማሩ ፊደል እንደሚቈጥር ሕፃን ነው፤ የኔታ «ሀ»ን እያመለከቱ ደጋግመው እንደሚያስጠሩት፣ ለኮምፒዩተሩም የናሙና ፎቶግራፍ ከነስሙ ይቀርብለታል። ይገምታል፤ ሲሳሳት ይታረማል፤ በመጨረሻም አይቶት የማያውቀውን ወረቀት ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኮስታ ሪካና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከ250,000 በሚበልጡ ፎቶግራፎች ከ1,000 በላይ ዝርያዎችን ቢያስተምሩት፣ ከአሥር ናሙና ስምንት ያህሉን በትክክል ሰየመ።

ነገር ግን የኔታ ከተሳሳቱ ደቀ መዝሙሩም ይሳሳታል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ስሕተት ከሆነ ኮምፒዩተሩ ያንኑ ይደግማል፤ ያልተሰበሰበውንም ተክል ከቶ አያውቀውም።

እንግዲህ ጉዳዩ የሳይንስ ተማሪዎች ብቻ አይደለም። በድሬዳዋ ዙሪያ አንዱ ተክል በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ምን እንደሚባል ሽማግሌዎችን ጠይቆ በትክክል መጻፍ ቋንቋ ለምንማረው ለእኛ የሚገባ ሥራ ነው። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ደብተር ይዘን እንሂድ።