የእሳት እራት የሰም ካባና ኬሚስትሪው

እንደሚታወቀው ጅማ፣ አጋሮና ሊሙ ገነት ስማቸው የሚነሳው በቡና ነው። ታዲያ የቡናን ቅጠል ከውስጥ ሰርስሮ የሚበላ የእሳት እራት አለ፤ በገበሬው ጎምቢሳ ደግሞ በቆሎ የሚያበላሽ ሌላ የእሳት እራት አለ። ሁለቱም ከቢራቢሮ ጋር የአንድ ወገን ነፍሳት ናቸው። የእነዚህ ነፍሳት ውጫዊ ልባስ ከምን ተሠራ? ይህን ማወቁስ ምን ይጠቅመናል?

1. የልባሱ ይዘት

የቆዳው ጠንካራ ክፍል ካይቲንና ፕሮቲን ነው። ቢራቢሮ ስንይዝ እጃችን ላይ የሚቀረው "ዱቄት"ም በዋናነት ከካይቲን የተሠራ ጥቃቅን ቅርፊት ነው። ከቆዳው በላይ ግን በጣም ስስ የሆነ የሰም ሽፋን አለ። በሰሙ ውስጥ ረጃጅም ሃይድሮካርቦኖች፣ ፋቲ አሲዶችና ኤስተሮች ይገኛሉ። ሃይድሮካርቦኖቹ በአብዛኛው ከ20 በላይ ካርቦን ያላቸው ሰንሰለቶች ናቸው። ፖላር ስላልሆኑ ከውሃ ጋር አይስማሙም፤ በዚህም የነፍሳቱ ውሃ በትነት እንዳያልቅ ይከላከላሉ።

2. ሰሙ ቢነሳስ?

እንግሊዛዊው ቪንሰንት ዊግልስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጣው ጥናት፣ የነፍሳት ሰም በሻካራ ዱቄት ሲፋቅ ውሃ ቶሎ እንደሚያጡ አሳይቷል። ገበሬዎቻችን እህልን ከአመድ ጋር የሚቀላቅሉበት ልማድም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ደቃቅ ዱቄት ሰሙን ይጭራል፣ ይመጣልም። ሆኖም እንደ ጅማ እርጥበት በበዛበት አየር ትነቱ ስለሚቀንስ ዘዴው ይዳከማል። በተጨማሪም ትሉ በበቆሎው ፍሬ ወይም በቡናው ቅጠል ውስጥ ተደብቆ ሳለ ከላይ የተነሰነሰ ነገር አይነካውም። ስለዚህ ጊዜውን መምረጥ ግድ ነው።

3. ወዳጅና ጠላት አንድ ካባ

ቦቬሪያ ባሲያና የተባለው ሻጋታ ዘሩን ከሰሙ ላይ አጣብቆ፣ ቅባት፣ ፕሮቲንና ካይቲን በሚሰብሩ ኢንዛይሞች ቆዳውን በስቶ ይገባል። ዛሬ ተባይ ለመከላከል ይጠቅማል። ነገር ግን ጣሊያናዊው አጎስቲኖ ባሲ እ.ኤ.አ. በ1835 ይፋ ያደረገው የሐር ትል በሽታ መንስኤ ሆኖ ነው! የሐር ትልም የእሳት እራት ልጅ ናትና። በጫካ ቡናችን መካከል ማር የምትሠራው ንብም የሰም ካባ አላት።

እንግዲህ "ይህ ነገር ተባዩን ይገድላል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። "ያንኑ ካባ የለበሰ ሌላ ማን አለ?" ብለን ሳንጠይቅ ወደ ማሳ መውጣት የለብንም።