አሮጌ ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ከፊት ሲጮኽ ምክንያቱን ስለ መለየት

በየወረዳው የሚያገለግሉ ሹማምንትና ሰፊ እርሻ ያላቸው ሰዎች ብዙዎቹ በአሮጌ መኪና፣ ይልቁንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 መሠራት በጀመረው በላንድ ክሩዘር 70 ይገለገላሉ። ይህ መኪና ምርጥ ዘርና የከብት ክትባት ተሸክሞ በጭቃ ሲመላለስ ኖሮ አንድ ቀን ከፊት ጎማው በኩል ይጮኻል። ያን ጊዜ ነጂው ምክንያቱን ሳይለይ ዕቃው ሁሉ ይለወጥ ይላል፤ ወይም፣ ይህ የባሰው ነው፣ ጩኸቱን በሬዲዮ ይሸፍነዋል። በፊተኛው ገንዘብ ይባክናል፤ በኋለኛው ግን የላላ ጎማ በቁልቁለት ሊወልቅ ይችላልና ነገሩ የሕይወት ነገር ነው።

ሞዞ የሚባለው ጎማው የሚታሰርበት እንብርት ነው፤ በውስጡ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ። በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ይገኛል፤ ይኸውም ሎክ ሲባል ጎማውን ከሰሚያሱ ጋራ ያያይዛል፣ ፍሪ ሲባል ይለያያል። እንግዲህ መኪናው በሁለት ጎማ ማርሽ ሆኖ በአንድ መንገድ ላይ አስቀድሞ በሎክ፣ ቀጥሎም በፍሪ ይነዳ። በፍሪ ጊዜ ሰሚያሱ አይዞርምና ድምፁ ከጠፋ ነውሩ በሰሚያሱና በመጋጠሚያው፣ በፊት ዲፈረንሻሉ ወይም በመቆለፊያው ነው። በአራት ጎማ ሲጎትት በጠባብ መታጠፊያ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ መጋጠሚያው ይጠረጠራል። በሁለቱም ጊዜ ሳይለወጥ የሚያጕረመርም፣ ከፍጥነቱም ጋራ የሚበረታ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ኩሽኔታው ያመለክታል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ በቀኙ ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ያን ጊዜ ቢበረታ የቀኙ ነው። የጭቃ ጎማም ያጕረመርማልና የፊቱን ከኋላው ማለዋወጥ አይከፋም፤ ድምፁ አብሮ ከሄደ ኩሽኔታው ንጹሕ ነው።

ከዚህ በኋላ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ተደግፈው የፊቱ በክሪክ ይነሣ። አንድ ሰው ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ይነቅንቅ፤ ከተነቃነቀ ሌላው ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መነቃነቁ ከቀረ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልቀረ ግን ጎማው በመሪ የሚዞርበት የጕልበቱ ኩሽኔታ ነው። ብዙ መካኒኮች ይህን ሳያደርጉ የፊተኛውን ይለውጣሉ።

ሲፈታ ኩሽኔታው በነጭ ጋዝ ታጥቦ ይመርመር፤ የተቦረቦረ ወይም በሙቀት የጠቈረ ቢሆን ከውጭ ቀለበቱ ጋራ አብሮ ይለወጥ። ዳዶው በ54 ሚሊ ሜትር ቁልፍ እንጂ በመሮና በመዶሻ አይነካ። ሲገጠም ዳዶው ይጥበቅ፣ ሞዞው ወዲያና ወዲህ ይዙር፣ ዳዶው ላላ ተደርጎ እንደ ገና በመጠኑ ይጥበቅ፤ እጅግ የጠበቀ ኩሽኔታ ከላላው ይልቅ ፈጥኖ ይቃጠላል። የመያዣው ቀለበት ጆሮ በዳዶው ላይ መታጠፉም ይታይ።

በክረምት ጋለው የመጡ ሞዞዎች ወደ ቀዝቃዛ ወንዝ ሲገቡ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባሉ። ስለዚህ ጥልቅ ወንዝ ከተሻገረ መኪና ላይ ግራሶው ተከፍቶ ይታይ፤ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ጩኸት ሳይጠበቅ በዚያው ሳምንት ታጥቦ ይለወጥ።