የሀዋሳው ቲሸርት ስንት ቀን ይርቃል?

ለነጋዴ በካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ ርቀት መለካት ብዙም አይጠቅመውም። እሱ ርቀትን የሚለካው በቀንና በገንዘብ ነው። ቀረጥም ገንዘብ ስለሆነ ቀንንና ቀረጥን በአንድ ሚዛን ይመዝናቸዋል። ሚዛኑ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ልብስ የሚሰፋበት ይህ ፓርክ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ጨርቁ በአብዛኛው ከእስያ ይመጣ ነበር። በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ በከባድ መኪና 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ዳገቱን ወጥቶ ሀዋሳ ይገባ ነበር። ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ታሽጎ በመጣበት መንገድ ጅቡቲ ይወርድና ወደ አሜሪካ ይጫን ነበር። እዚያው እስያ ቢሰፋ መንገዱ ምን ያህል ባጠረ! ታዲያ ሰው ምን አስቦ ይህን ሁሉ ያዞረው ነበር?

የተለመደው መልስ «ጉልበት ርካሽ ስለሆነ» የሚል ነው። ሐሰት አይደለም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር ብሎ መዝግቦታል። በእኔ አስተያየት ግን ሚዛኑን የደፋው ሌላ ነገር ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አጎዋ የተባለው የአሜሪካ ሕግ። አሜሪካ ለጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ፣ ለሰው ሠራሽ ክር ቲሸርት ደግሞ 32 በመቶ ቀረጥ ታስከፍል ነበር። 5 ዶላር የሚያወጣ የሰው ሠራሽ ክር ቲሸርት ጉምሩክ ላይ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይጨመርበት ነበር ማለት ነው። ባንግላዴሽ ይህን ትከፍል ነበር፤ ሀዋሳ ግን በአጎዋ ምክንያት አትከፍልም ነበር። በሳንቲም በሚከራከሩበት ንግድ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ሕጉ በዚያ ላይ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ ድሃ አገሮች፣ ጨርቁ ከየትም ቢመጣ፣ ልብሱ እነሱ ዘንድ እስከተሰፋ ድረስ ከቀረጥ ነፃ መግባቱን ፈቅዷል። ያ አንቀጽ ባይኖር የእስያው ጨርቅ ሀዋሳን ባላያት ነበር።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። ዴቪድ ሃመልስና ጌኦርግ ሻወር የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ አሜሪካ የሚገባ ሸቀጥ መንገድ ላይ የሚያሳልፋት እያንዳንዷ ቀን ከ0.6 እስከ 2.1 በመቶ ቀረጥ እንደምትተካ ገምተዋል። ዝቅተኛውን ብንይዝ እንኳ 20 ቀን መዘግየት 12 በመቶ መክፈል ነው። ቀን ለምን ይህን ያህል ያስከፍላል? የባንክ ወለድ አለ፤ ዕቃው መንገድ ላይ ሳለ ገንዘቡ ታስሯል። ዋናው ግን ገበያው አይጠብቅም፤ ለገና የታዘዘ ሹራብ ጥር ላይ ቢደርስ ማን ይገዛዋል? ቸርቻሪው ቀለሙን ገና በሩቁ መተንበይ አለበት፣ ከተሳሳተም ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይቀርበታል።

የሀዋሳ ሒሳብ እንግዲህ ይህ ነበር፤ በቀን የሚጎድለውን ከቀረጥ ነፃ መሆን ይሞላዋል። አሜሪካ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የተፈጸሙ የሰብዓዊ መብት ጥሰቶችን ምክንያት አድርጋ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ፣ የሚሞላው ነገር ጠፋ። ውሳኔው ቀደም ብሎ ተነግሮ ስለነበር፣ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች በኅዳር ወር የሀዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ኩባንያው የጠቀሰው የሁኔታውን በፍጥነት መባባስ ነው። ጦርነትም ራሱ የርቀት ዘመድ ነው፤ ዕቃው መቼ እንደሚደርስ ማወቅ ይከለክላል።

ሁሉም ሸቀጥ እንዲህ አልተጎዳም። ከዝዋይ የሚወጣው ጽጌረዳ ጅቡቲን አያውቃትም፤ በቦሌ በኩል ሌሊቱን በርሮ ሆላንድ ይገባል። በኪሎ ሜትር ሆላንድ ከጅቡቲ ብትርቅም ለአበባው ግን የምትቀርበው እሷ ናት፤ የአየር ጭነቱ ውድ ቢሆንም ዋጋው ይችለዋል፣ የአውሮፓ ኅብረትም ቀረጥ አይጠይቀውም።

ቡናው ደግሞ እንደ ቲሸርቱ በጅቡቲ ነው የሚወጣው፤ ያው መንገድ፣ ያው መርከብ። ሆኖም በዚያ ጊዜ አሜሪካ ጥሬ ቡና ላይ፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ ቀረጥ አልነበራትም። ስለዚህ አጎዋ ለቡናው የሰጠው ነገር አልነበረም፤ ሲሄድም የወሰደበት የለም። በጆንያ ታስሮ ጥቂት ሳምንት ቢዘገይም ፋሽን አያልፍበትም።