ስለ ሂስቶግራም አሣሣል



የወላጆች ቀን በተከበረ ጊዜ በክፍላችን ግድግዳ ላይ የሒሳብ ፈተና ውጤታችንን የሚያሳይ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። የሣልሁት እኔ ነኝ፤ ሥዕሉም ስሕተት ነበረበት። የተፈተንነው 48 ተማሪዎች ስንሆን በዐምዶቹ ውስጥ የተቈጠሩት 47 ብቻ ነበሩ። የጐደለችውም ከመቶ መቶ ያገኘችው ልጅ ናት። ከአባቷ ጋራ መጥታ ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ከተመለከተች በኋላ «እኔ የት ነኝ?» ብላ ብትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። ስለዚህ ምክንያቱን መርምሬ ያገኘሁትን በዚህ መጽሔት አቀርባለሁ።

ሂስቶግራም ማለት ብዙ ቍጥሮችን በየሣጥኑ አከፋፍሎ፥ በያንዳንዱ ሣጥን የገባውን ብዛት በዐምድ ቁመት የሚያሳይ ሥዕል ነው። እኔ የሣልሁት ሩት በሚባለው የኮምፒዩተር መሣሪያ ሲሆን፥ ቃሉ በእንግሊዝኛ «ሥር» ማለት ነው። ሩትን በ1990ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ሬኔ ብሩንና ፎንስ ራደማከርስ የተባሉ ሊቃውንት በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ድርጅት ጀመሩት። ማንም ሰው ያለ ዋጋ ሊሠራበት ይችላል።

በሩት ዘንድ ሂስቶግራም ኦብጄክት ነው፤ ይኸውም ቍጥሮቹን በውስጡ የያዘ፥ እንዴት እንደሚሣልም ራሱ የሚያውቅ ነገር ማለት ነው። የእኛ ሥራ ማዘዝ ነው። «ሴት ፊል ከለር» ብንለው ዐምዶቹን ቀለም ይሞላል፤ «ሴት ላይን ዊድዝ» ብንለው መሥመሩን ያወፍራል። «ድሮው» ብለን ስናዘው «ኢ» የምትለዋን ፊደል ብንጨምርበት ደግሞ በየነጥቡ ላይ የስሕተቱን መጠን የሚያሳይ ዘንግ ያቆማል። ሌላ ካላዘዝነው በቀር 9 ተማሪ ባለበት ሣጥን ላይ ዘንጉ ወደ ላይ 3፥ ወደ ታችም 3 ይሆናል፤ 3 ጊዜ 3 ዘጠኝ ነውና። ሰርን እ.ኤ.አ. በ2012 ያስታወቀው የሂግስ ቦዞንም በ125 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ በእንዲህ ያለ ሂስቶግራም ላይ እንደ ትንሽ ጕብታ የታየ ነው።

ይህ ሁሉ ልብስ መለወጥ ነው፤ ቈጠራውን አይነካም። የሣጥኖቹ ብዛትና ወሰን ግን አካል ነው፤ ቍጥሩ ከመሞላቱ በፊት ይወሰናል። ኋላ «ሪቢን» በሚባለው ትእዛዝ ጐረቤት ሣጥኖችን ማዋሐድ ይቻላል እንጂ አንዱን ለሁለት መክፈል አይቻልም።

የእኔም ጥፋት ከዚህ ላይ ነበር። 20 ሣጥን፥ ከ0 እስከ 100 ብዬ አዘዝሁ። በሩት ደንብ ሣጥን የታችኛውን ወሰን ያቅፋል፥ የላይኛውን ግን አያቅፍም። ስለዚህ 95 ያገኘ ከመጨረሻው ሣጥን ሲገባ 100 ያገኘችው ከወሰን ውጭ ሆነች። ሩት ግን ጨርሶ አልጣላትም፤ «ኦቨርፍሎው» በሚባል በማይሣል ሣጥን ውስጥ አስቀምጧት ኖሯል። በሥዕሉ ማዕዘን የሚወጣው ትንሽ ሰሌዳም ጠቅላላው 48 መሆኑን ይናገር ነበር። እኔ ግን ሰሌዳው ሥዕሉን ያበላሽብኛል ብዬ «ሴት ኦፕት ስታት» የሚለውን ዜሮ አድርጌ አጠፋሁት! በዜሮው ፈንታ 111111 ብጽፍ ኖሮ ከወሰን ውጭ 1 እንዳለ ይነግረኝ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ ከሥዕሉ በታች የጻፍሁትን አማካይ ውጤት ከሩት ስለ ወሰድሁት እርሱም የልጅቷን መቶ አልያዘም።

አሁን 21 ሣጥን፥ ከ0 እስከ 105 አድርጌ እንደገና ሞላሁት፤ የሣጥኑ ስፋት እንደ ቀድሞው 5 ነው። መምህራችን አይተው «የተፈተናችሁት ከመቶ አምስት ነውን?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ከሥሩ ማብራሪያ ጻፍሁ። ከዚያም የልጅቷን ውጤት ብቻ የያዘ ሌላ ሂስቶግራም በቀይ ቀለም ሠርቼ፥ «ሴም» በሚለው ትእዛዝ ከመጀመሪያው ላይ ደረብሁት። አዲሱ ሥዕል በቀድሞው ቦታ ተሰቅሏል፤ በቀኝ ዳር ቁመቱ 1 የሆነው ቀይ ዐምድ የእርሷ ነው።