የምትዘል መርፌ

ጥያቄ፦ በሃርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ኑማርክ ፒቲ01 ስክራች በተባለች ተንቀሳቃሽ ሸክላ ማጫወቻ ስክራች (ሸክላውን በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ ድምፅ ማውጣት) እለማመዳለሁ፤ መርፌዋ ግን እየዘለለች አስቸገረችኝ። ክንዷ ላይ ሳንቲም ልለጥፍ? አባቴ ባስቀመጧቸው የአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎችስ ብለማመድ?

መልስ፦ ሳንቲሙ ይቅርብዎ። የእነዚህ ማጫወቻዎች መርፌ ድሮውንም ሸክላውን ጫን ብላ ነው የምትሄደው፤ ክብደት ሲጨምሩባት ሸክላውን ትበላዋለች።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ከታች ነው። ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን የሚያዞረው ቺንጋ ነው፤ ሸክላውን ወደ ኋላ ሲስቡ ሳህኑ አብሮ ከተጎተተ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ድምፁም ይንቀረፈፋል። ከሸክላው ስር ቀጭን የሚያንሸራትት ጨርቅ፣ ከጨርቁ ስር ደግሞ በልኩ የተቆረጠ ለስላሳ ወረቀት ያንጥፉ። የሸክላው የመሃል ቀዳዳ ሰፊ ከሆነ በቀዳዳው የሚገባው ማጥበቂያ ላልቶ እንዳይሆን ይዩት፤ ሸክላ ሲወላገድ መርፌ ትዘላለች። ጠረጴዛው የተስተካከለ ይሁን። እጅዎም ሸክላውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅስ እንጂ ወደ ታች አይጫን፤ ይህን ብዙ ጀማሪ ይስተዋል።

የአባትዎን ሸክላዎች ግን እባክዎ ያቆዩዋቸው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋሙት ኩባንያ ያሳተማቸው የመጀመሪያ ቅጂዎች ዛሬ በውጭ ሰብሳቢዎች ጭምር ይፈለጋሉ። ስክራች አንዱን ቦታ ደጋግሞ ስለሚፍቅ የማይጠፋ የ«ሽሽ» ድምፅ ይተዋል። ለልምምድ ተብለው የተሠሩ ባለ 7 ኢንች ሸክላዎች አሉ።

የማጫወቻዋ ድምፅ መቁረጫ ተንሸራታች (ፌደሩ) ከተንኮሻኮሸ በኤሌክትሪክ ንክኪ ማጽጃ ይሞክሩ። መቀየርና መበየድ ካስፈለገ፣ ወይም የ12 ቮልቱ አስማሚ ከጋለ፣ ነቅለው ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ያሳዩት።