አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ማርሽ አልቀይር ሲል

ሲሚንቶም፣ የውኃ ቧንቧም፣ ምርጥ ዘርም የሚያመላልስ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ በእጁ ያለ ሰበካ ጉባኤ መኪናው ሲቆም ሥራው አብሮ እንደሚቆም ያውቃል። በአገራችን ከሚታዩት ከእነዚህ መኪኖች የሚበዙት በእጅ ማርሽ የሚነዱ በመሆናቸው ነጂዎቻችንም መካኒኮቻችንም የለመዱት ፍሪሲዮን ያለውን ነው። በስጦታም ሆነ በግዢ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ወደ አጥቢያው ሲገባ ግን የብልሽቱ ጠባይ ይለወጣል። ማርሹ ሲዘገይ፣ እየመታ ሲገባ፣ ወይም ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ወደፊት አልሄድ ሲል የሚሰጠው ፈጣን ፍርድ «ካምቢዮው ይውረድ» የሚል ነው። ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ካምቢዮ ማውረድና ማደስ ከአጥቢያ ካዝና ብዙ የሚወስድ ሥራ ነውና አስቀድሞ በቀላሉ ሊታይ የሚገባውን ማየት ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለውን ነባር መኪና ጠብቆ ማቆየት የበለጠ ትርጉም አግኝቷል።

መጀመሪያ ዘይቱን እንይ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ኃይልን የሚያስተላልፈውም፣ ማርሽ የሚለውጠውም በዘይት ግፊት ነው፤ ስለዚህ ዘይቱ ሲጎድል ብቻውን የተበላሸ ካምቢዮ የሚመስል ጠባይ ያመጣል። ልኩ የሚታየው መኪናው 20 ደቂቃ ያህል ተነድቶ ከሞቀ በኋላ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ነው። የማርሹን ዘንግ በሁሉም ቦታዎች አሳልፎ፣ በአብዛኞቹ መኪኖች «ፒ» ላይ መልሶ፣ መለኪያውን መሳብ፣ መጥረግና እንደገና ማስገባት ነው። ጤነኛ ዘይት ቀይና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ጠቁሮ የቃጠሎ ሽታ ካለው ውስጡ ያሉት ዲስኮች ተቃጥለዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ወተት የገባበት ዓይነት ሐምራዊ መልክ ከያዘ ግን ውኃ ገብቶበታል፤ ይህም የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ሲቀደድ ስለሆነ መኪናው ከዚያ ወዲያ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መነዳት የለበትም። ከልክ በላይ መሙላትም ዘይቱን አረፋ አድርጎ ግፊቱን ያዳክማል። የዘይቱ ዓይነት በመለኪያው ዘንግ ወይም በመኪናው መመሪያ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ገበያ ላይ የተገኘውን ሁሉ መጨመር አይገባም።

ከዚህ በኋላ የናፍጣ ሞተር ልዩ ጠባይ ይመጣል፤ ስህተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ይመስለናል። ካምቢዮው መቼ ማርሽ እንደሚለውጥ ለመወሰን ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፤ የመኪናውን ፍጥነትና ነጂው የጠየቀውን ጉልበት። በአሮጌ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ የሚታወቀው በአየር መሳቢያው ውስጥ በሚፈጠረው ቫኪዩም ነው። አሮጌ የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ሳይገድብ ስለሚስብ ይህ ቫኪዩም የለውም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከሁለት መንገዶች አንዱን መረጡ፤ ወይ ከናፍጣ ፖምፓው ወደ ካምቢዮው የሚሄድ ገመድ፣ ወይም ቫኪዩም የሚፈጥር ልዩ ፓምፕና ፖምፓው ላይ የሚታሰር መቆጣጠሪያ።

ገመድ ያለው ከሆነ ምርመራው ሁለት ሰው ይበቃዋል። ሞተሩ ጠፍቶ አንዱ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ይረግጣል፤ ሌላው ኮፋኑን ከፍቶ ገመዱ ሙሉ በሙሉ መሳቡን፣ ሲለቀቅም ያለ ችግር መመለሱን ይመለከታል። የላላ ገመድ ማርሹን ቀድሞ በለስላሳው ያስገባል፤ ለነጂው ምቾት ይመስለዋል፤ ነገር ግን በብዙዎቹ ግፊቱ ስለሚያንስ ዲስኮቹ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ከልክ በላይ የተወጠረው በተቃራኒው ማርሹን አዘግይቶ በኃይል ይመታል። ናፍጣ ፖምፓው ተፈትቶ ከታደሰ በኋላ የጀመረ የማርሽ ችግር ካለ ገመዱ በልኩ ተመልሶ እንደ ሆነ መጠየቅ ከሁሉ ይቀድማል።

በቫኪዩም የሚሠራ ከሆነ ማርሹ ዘግይቶና እየመታ ሲገባ የተሰነጠቀ ቀጭን የጎማ ቱቦ ይፈለግ። ቫኪዩሙ ሲጠፋ ካምቢዮው ነጂው ነዳጁን እስከ መጨረሻ እንደ ረገጠ ይቆጥረዋል። የፍሬኑ አጋዥም ከዚያው ፓምፕ በሚጠቀምባቸው መኪኖች ፍሬኑ አብሮ ከደነደነ ጥርጣሬው ወደ ፓምፑ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ የማርሽ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ነውና መኪናው ይቁም። በቱቦው ውስጥ ቀይ ዘይት ከተገኘ ደግሞ ካምቢዮው ላይ ያለው የቫኪዩም ክፍል ውስጡ ተቀድዷል።

አዲሶቹ ሥሪቶች በኮምፒዩተር ስለሚታዘዙ ምልክታቸው ሌላ ነው። በብዙ የቶዮታ መኪኖች «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ኮምፒዩተሩ ብልሽት መዝግቧል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የባትሪው ራሶች፣ ፊውዞችና የሽቦ መያያዣዎች ሳይታዩ ካምቢዮ አይወርድም። ዘንጉ ከ«ፒ» አልንቀሳቀስ ሲልም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የፍሬን መብራት ፊውዝ ወይም ማብሪያው ነው።

ስለ መንገዳችን ጥቂት እንበል። ከአዳማ በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል ጭኖ ወደ ዱከም የሚመለስ መኪና ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ የሚጨምረው በረጅም ለስላሳ ዳገት ነው። እንዲህ ባለ ዳገት ካምቢዮው ከሦስተኛ ወደ አራተኛ፣ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ እየተመላለሰ ዘይቱን ያሞቃል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ኦቨርድራይቩን ማጥፋት ይበቃል። ችግሩ ጉልበት በማጣት የሚባባስ ከሆነ የናፍጣው ፊልትሮ ተደፍኖ እንዳይሆን ይታይ፤ ካምቢዮ የሌለበትን ጥፋት የሚሸከምበት ጊዜ ብዙ ነው። በመጋቢትና በጥቅምት 5 ቀን ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ወደ ዝቋላ የሚወጣ መኪና ደግሞ ከ«ዲ» ይልቅ በዝቅተኛው ማርሽ ይውጣ፤ በዚያው ይውረድ። ዳገት ላይ ሲቆም በፍሬን እንጂ በነዳጅ መያዝ የለበትም። በመከር ወራት የጤፍ ገለባና አቧራ የራዲያተሩን ፊት ስለሚደፍን በየሳምንቱ ማጽዳት ለሞተሩም ለካምቢዮውም ነው።

መግፋትና መጎተትን በተመለከተ የለመድነውን መተው አለብን። ይህ መኪና በአብዛኛው ተገፍቶ አይነሣም። ሞተሩ ጠፍቶ የኋላ ጎማዎቹ መሬት እየነኩ ረጅም መንገድ ቢጎተት ደግሞ የካምቢዮው የዘይት ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ስለ ሆነ ውስጡ ያለ ዘይት ይፋጫል። በሌላ መኪና ላይ መጫን ወይም ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ መፍታት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ችግሩ ከቀጠለ መኪናው ጋራዥ ይግባ፤ ነገር ግን በቃል ብቻ አይላክ። ነጂው ማርሹ የሚመታው ቀዝቅዞ ነው ወይስ ሞቆ፣ በየትኛው ማርሽና ፍጥነት፣ ባዶውን ወይስ ጭኖ እንደ ሆነ ጽፎ ይስጥ። ከሰበካ ጉባኤውም አንድ ሰው የታችኛው የዘይት መያዣ ሲከፈት ይገኝ። በማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ነገር ቢታይ የተለመደ መበላት ነው፤ ዘይትና ፊልትሮ ተለውጦ መሞከር ይቻላል። በጣት የሚቆረቁር የብረት ስባሪ ወይም የተላጠ ጥቁር የዲስክ ልባስ ከተገኘ ግን ካምቢዮው ይውረድ፤ ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹም አብረው ይታጠቡ፤ አለዚያ ስባሪው የታደሰውን ካምቢዮ መልሶ ይበላዋል።